ልጁ ተነከሰ፣ ሰንሰለቱ አጠረ

ዛሬ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ውሻ ነው የምጽፈው። «ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ውሻ ታወራለህ?» የሚል አስተያየት ከስር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለእሱም መልስ አለኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰፈራችን ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ ሰባት ዓመት ልጅ ኳስ ተንከባልላ ጎረቤት ግቢ ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልጁ ኳሷን ሊያወጣ ገባ። ጓሮ ታስሮ የሚውለው ውሻ ክንዱን ያዘው። ጩኸት፣ ደም፣ ሩጫ ሆነ። ልጁ ቶሎ ሕክምና አገኘ፣ ክትባቱንም ጨረሰ፤ ዛሬ ደህና ነው። ጠባሳው ግን አለ። ውሻ ባየ ቁጥር እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይደበቃል።

እሑድ የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። እኔም ነበርኩ። አንዱ ተነስቶ «ውሻ በዛ» አለ። ሌላው «ማታ መግቢያ አጣን፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመጡ እንሳቀቃለን» አለ። ሦስተኛው «መድኃኒቱን የሚያመጣ ሰው አውቃለሁ» አለ። መድኃኒት ያለው መርዙን ነው። የተቃወመ አልነበረም። ብር ተዋጣ። እኔም 50 ብር አዋጣሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ንጹሕ አድርጌ እንዳልሆነ ከአሁኑ እወቁልኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት መንገዱ አፍ ላይ አምስት ውሾች ተጋድመው አገኘናቸው። አንዷ የምታጠባ እናት ነበረች። ከአምስቱ አንዱም ልጁን አልነከሰም። ልጁን የነከሰው ውሻ የት ነው? ግቢው ውስጥ። ባለቤቱ «ከእንግዲህ ማንም ጋ አይደርስም» ብለው ሰንሰለቱን አሳጠሩበት።

እስቲ ይህንን ደግማችሁ አስቡት። የነከሰው አንድ ነው፣ የተገደሉት አምስት ናቸው፣ ከአምስቱ ውስጥ ደግሞ ነካሹ የለበትም። ለነካሹ የተሰጠው መፍትሔ እንዲናከስ ያደረገውን ነገር ማባስ ነው። እኛም ችግሩን ፈታን ብለን ተበተንን።

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። በከተማችን ውሻ ሰውን የሚነክስበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ እኛ በእጃችን የሠራነው ነው። ምክንያቱን ሳንነካ ውሻ ብንገድል ልጆቻችን መነከሳቸው አይቀርም።

በቅድሚያ፣ ውሻ ለምን ይናከሳል? አብዛኞቻችን «ክፉ ስለሆነ» ብለን እናልፋለን። ክፉ የሚለው ቃል ግን ምክንያት አይነግረንም፤ የሆነውን ነገር በሌላ ስም መጥራት ነው። ውሻ ሲፈራ መጀመሪያ የሚያደርገው መሸሽ ነው። የመንገድ ውሻን አስተውሉት። ድንጋይ ልታነሱ የመሰላችሁ ያህል ጎንበስ በሉ፤ እጃችሁ ባዶ ቢሆንም ጭራውን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ ይፈተለካል። ሰው ጎንበስ ካለ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ማን አስተማረው? እኛ። ቢሆንም ያ ውሻ መሄጃ አለው። ከእናንተ ጋር የመጣላት ፍላጎት ስለሌለው ይሸሻል፣ ነገሩም በዚያ ያልቃል።

አሁን ያንኑ ውሻ በሁለት ሜትር ሰንሰለት እሰሩት። የማያውቀው ሰው ይመጣበታል። መሸሽ አይችልም። ይጮሃል፤ ሰውየው አይሰማውም። ጥርሱን ያሳያል፤ ሰውየው ይቀርባል። መሸሽን ከወሰዳችሁበት የቀረው መከላከያ ጥርሱ ብቻ ነው። ኳሱን ፍለጋ የገባው ልጅ ያጋጠመው ይህ ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም። ውሻውም ቢሆን ከመናከስ ውጭ ምን አማራጭ ተተወለት?

ይህን የምለው ከግምት ተነስቼ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የተሠራ ጥናት ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱ ጋር አነጻጽሯል። የነከሱት ግቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው የሚውሉ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ካልነከሱት ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ነበር። ያልተኮላሹ ወንዶችም ከነካሾቹ ጎን በዝተው ተገኝተዋል።

እዚህ ላይ ብልህ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ «ታስሮ ነው ክፉ የሆነው ወይስ ክፉ ስለሆነ ነው የታሰረው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ንጽጽር ብቻውን የትኛው እንደሚቀድም አይነግረንም። ለእኛ ሰፈር ግን መልሱ ቀላል ነው። እኛ ውሻ የምናስረው ሰው ነክሶ ስላስቸገረን አይደለም። ገና የሁለት ወር ቡችላ ሆኖ፣ ጥርሱ እንኳ በቅጡ ሳይወጣ እናስረዋለን። ፍርዱ ከወንጀሉ ቀድሞ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ምክንያት የቡችላነት ዘመኑ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር ውስጥ ብዙ ቡችሎችን ለዓመታት እያሳደጉ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ያገኙት ነገር ዛሬም የውሻ ዕውቀት መሠረት ነው። ቡችላ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ ዓለምን የሚለምድበት መስኮት አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያየውን፣ ያሸተተውን፣ የዳሰሰውን ነገር «ይህ የእኔ ዓለም ነው» ብሎ ይቀበላል። ሕፃን፣ አሮጊት፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ ከዘራ፣ ጃንጥላ፣ ባጃጅ፣ ሁሉንም። ያን ጊዜ ያላገኘውን ነገር በኋላ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚሰማው ፍርሃት ነው።

እኛስ ያንን ጊዜ ምን እናደርግበታለን? መንገድ ዳር ቡችላ በካርቶን ይዘው የሚቆሙትን ልጆች ሁላችሁም አይታችኋል። ብዙዎቹ ቡችሎች ከእናታቸው ሳይጠግቡ የተነጠቁ ናቸው። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲጫወት «ይህን ያህል ስነክስ ያማል» የሚለውን ትምህርት የሚማርበት ጊዜ ተወሰደበት። ከዚያ ገዢው ወስዶ ጓሮ ያስገባዋል። ከቤተሰቡና ከዘበኛው በቀር ሰው አያይም። «ሰው እንዳይለምድብኝ» ይባላል፤ እንደ ብልሃትም ይቆጠራል። ዓመት ሲሞላው የጎረቤት ልጅ ለእሱ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው። እኛ ደግሞ «ምን ነካው?» ብለን እንገረማለን።

ሦስተኛው ምክንያት ማስጠንቀቂያውን መግደላችን ነው። ውሻ ከመንከሱ በፊት ይናገራል። ዓይኑን ይመልሳል፣ ሰውነቱን ያደርቃል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ያጉረመርማል። ማጉረምረም ስድብ አይደለም፤ «እባክህ አትቅረበኝ» ማለት ነው። እኛ ግን ሲያጉረመርም በዱላ እንለዋለን። ጥቂት ጊዜ ከተደበደበ በኋላ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ አንድ ቀን «ዝም ብሎ ተነስቶ ነከሰ» እንላለን። ዝም ብሎ አልነከሰም። ንግግሩን ከአፉ የነጠቅነው እኛ ነን። የሚጮኸውን ደወል ስለረበሸን ገመዱን ቆርጠን፣ ቤቱ ሲቃጠል ማንም አልነገረን እንደማለት ነው።

አራተኛው ሕመም ነው። ጆሮው የቆሰለ፣ ጥርሱ የበሰበሰ፣ መገጣጠሚያው ያበጠ ውሻ ሲነኩት ይናከሳል። ሰውም ቢሆን የታመመ ጥርሱን ሲነኩት ይቆጣል። ለዓመታት ረጋ ብሎ የኖረ ውሻ በድንገት ጠባዩ ከተለወጠ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አመመው?» መሆን አለበት። ከሕመሞቹ ሁሉ የከፋው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አምስተኛው ሆን ተብሎ የሚሠራ ክፋት ነው። «ኃይለኛ እንዲሆን» ተብሎ ሚጥሚጣ የሚበላ ውሻ አላያችሁም? ጨለማ ክፍል ተቆልፎበት ማታ ብቻ የሚለቀቅ? ጆሮው በምላጭ የተቆረጠ? ልጆች በዱላ እየነካኩ እንዲያስቆጡት የሚፈቀድላቸው? እኔ አይቻለሁ፤ ልጅ ሳለሁ እኛ ቤትም ነበር። ቦቢ የሚባል ውሻ ነበረን። ስድስት ዓመት ሙሉ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ታስሮ ኖረ። ከእሱ ዙሪያ ሣር አይበቅልም ነበር፤ ሰንሰለቱ መሬቱን ክብ አድርጎ ልጦት ነበር። ያንን ክብ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ሲሞት እንኳ ከክቡ አልወጣም። እኛም «ጎበዝ ዘበኛ ነበር» ብለን አመሰገንነው።

«ዘሩ ነው» የሚሉም አሉ። ይህን በቀላሉ አላልፈውም፤ ዘር ምንም ለውጥ አያመጣም የሚሉ ሰዎችም ይሳሳታሉና። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. በ1959 በኖቮሲቢርስክ የጀመረው የቀበሮ ሙከራ ዝነኛ ነው። ከየትውልዱ ሰውን ያልፈሩትን ብቻ እየመረጡ ሲያዋልዱ፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ጭራቸውን እየቆሉ ሰው የሚልሱ ቀበሮዎች ተገኙ። ስለዚህ ገርነትና ፍርሃት በደም ይወረሳል። ይህ ግን ለእኛ ተጨማሪ ክስ ነው እንጂ ነፃ መውጫ አይደለም። ሰው የጠላውን፣ ብዙ የሚናከሰውን ውሻ መርጠን የምናዋልደው እኛ ነን። ደግሞም ጀርመን ሼፐርድ ቀኑን ሙሉ ከእረኛ ጋር በጎች እያጀበ እንዲውል የተፈጠረ ሠራተኛ ውሻ ነው። እሱን በብዙ ሺህ ብር ገዝቶ ከግድግዳ ጋር ማሰር፣ የእርሻ በሬ ገዝቶ ሳሎን ውስጥ አስሮ «ለምን ወንበሩን ሰበረ?» እንደማለት ነው።

በቅርቡ ደግሞ ከዩቲዩብና ከቲክቶክ የመጣ ሌላ ነገር አለ። «ውሻህ አለቃህ ሊሆን ይፈልጋል፣ ጣለው፣ ተጫነው፣ አለቃ መሆንህን አሳየው» የሚሉ አሠልጣኞች በዝተዋል። የዚህ ሐሳብ ምንጭ ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1947 በስዊዘርላንድ ባዝል የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ስለሚኖሩ ተኩላዎች የጻፈው ነው። ከየቦታው የተሰባሰቡ፣ የማይተዋወቁ ተኩላዎች በአንድ አጥር ታጉረው ሲጣሉ አይቶ ነው የጻፈው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመ መጽሐፉ ያስፋፋው ዴቪድ ሜክ ራሱ፣ ዱር ውስጥ ያሉትን ተኩላዎች ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ ሐሳቡን አርሟል። የተኩላ መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ነው አለ። እስር ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችን አይቶ ስለ ቤተሰብ ኑሮ መጽሐፍ መጻፍ እንደማይቻል ሁሉ፣ የታጎሩ ተኩላዎችን አይቶም ስለ ቤት ውሻ መፍረድ አይቻልም። ሳይንቲስቱ ስህተቱን አርሞ ሳለ የእኛ ቲክቶከር ግን ዛሬም ውሻ እየጣለ ይረግጣል።

አሁን ዋናውን መከራከሪያ ላንሳ። «ሌባ በዛ፤ ኃይለኛ ውሻ ያስፈልገናል።» ሌባ መብዛቱ እውነት ነው፤ እኔም ተሰርቄ አውቃለሁ። የታሰረ ውሻ ግን ሌባ ይይዛል ወይ? ሌባው ሰንሰለቱ እስከየት እንደሚደርስ ከእናንተ በላይ አጥንቶታል። ቀኑን ሙሉ በሚያልፈው ሰው ሁሉ ላይ የሚጮህ ውሻ ደግሞ ማታ ቢጮህ ማን ከአልጋው ይነሳል? «ዝም በል አንተ!» ብለን እንገላበጣለን። የተራበ ውሻ ከሆነ ደግሞ አንድ ቁራሽ ሥጋ ይበቃዋል። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይላል የአባቶቻችን ተረት። በወጉ በልቶ፣ ተፈትቶ ግቢውን እየዞረ፣ ቤተሰቡን እየለመደ ያደገ ውሻ የሚጮኸው እንግዳ ነገር ሲያይ ብቻ ስለሆነ ጩኸቱ ይሰማል። ታስሮ የሚኖረው ሌባው ጋ አይደርስም፤ የሚደርሰው ኳስ ፍለጋ የገባ ልጅ ጋ ነው።

ወደ መርዙ ልመለስ። ለዘመናት በከተሞቻችን ውሻ ለመግደል የተለመደው ስትሪክኒን ነው። ጡንቻን እያኮማተረ፣ እንስሳው ነፍሱን እያወቀ ትንፋሽ አሳጥቶ የሚገድል መርዝ ነው። ርኅራኄውን ለጊዜው እንተወው። እስቲ ጥቅሙን ብቻ እንጠይቅ። ውሻ መግደል የእብድ ውሻ በሽታን ያጠፋል?

የኢንዶኔዥያዋ ፍሎሬስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ከሌላ ደሴት በጀልባ በመጡ ውሾች በሽታው ገባባት። መልሱ ግድያ ነበር፤ እጅግ ብዙ ውሻ ተገደለ። በሽታው ግን ከደሴቷ አልወጣም። ባሊ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገባባት መጀመሪያ ያደረገችው ያንኑ ነው፤ በሽታው ደሴቷን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 በደሴቷ ሙሉ የውሻ ክትባት ዘመቻ ሲጀመር ነው ቁጥሩ መውረድ የጀመረው። ላቲን አሜሪካም ለአሥርት ዓመታት ውሾቿን በዘመቻ ስትከትብ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሜክሲኮ ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን በሽታ በማጥፋት በዓለም ጤና ድርጅት የተመሰከረላት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰፈር የሚይዘው የውሻ ብዛት የሚወሰነው በቆሻሻውና በመጠለያው ነው። ገንዳው እየፈሰሰ፣ ሥጋ ቤቱ አጥንት እየጣለ ውሻ ብትገድሉ ቦታው ባዶ አይቀርም። ከሌላ ሰፈር ይመጣል፣ የተረፈውም ይወልዳል። የሞቱት ሰፈሩን የሚያውቁ፣ ምናልባትም የተከተቡ ናቸው። የሚተኩት የማናውቃቸው፣ እኛንም የማያውቁን፣ ያልተከተቡ ናቸው። በእኛ ሰፈርም የሆነው ይኸው ነው። አምስቱ ከሞቱ ሁለት ወር ሳይሞላ ሌሎች አራት መጥተዋል። የድሮዎቹ የሰፈሩን ሰው ኮቴ ይለዩ ነበር። የአሁኖቹ በእያንዳንዳችን ላይ ይጮሃሉ።

አንዳንዶቹ ውሾች ከየት እንደሚመጡም አስቡ። ፒያሳና ካሳንቺስ ያየነውን ሁሉ አስታውሱ። ነባር ሰፈር ፈርሶ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ውሻውን አራተኛ ፎቅ ይዞ አይወጣም። ውሻው ለጥቂት ቀናት የፈረሰውን ቤት ይጠብቃል፣ ከዚያ ይራባል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ትናንት ባለቤት የነበረው ውሻ ዛሬ «የመንገድ ውሻ» ይባላል። ለሰውየው ምትክ ቤት ሲታሰብ ለውሻው አንድ መርፌና አንድ መጠለያ ማሰብ ምን ያህል ይከብዳል?

መፍትሔው ከአገራችን አቅም በላይ ነው እንዳትሉ። ባሌ ተራሮች ውስጥ ያለው ቀይ ቀበሮ በመላው ኢትዮጵያ ከ500 የማይበልጥ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች እየተሻገረ በተደጋጋሚ ፈጅቶታል። እሱን ለማዳን ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በባሌ ደጋ መንደሮች እየዞሩ የገበሬውን ውሾች የሚከትቡ ባለሙያዎች አሉ። በዚያ ብርድ፣ መንገድ በሌለበት ደጋ ውሻ መከተብ ከተቻለ፣ አስፋልት ባለበት ከተማ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተበ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። መበጠስ ያለበት ሰንሰለትም ይህ ነው።

አሁን «ሰው በሚሞትበት አገር» ላላችሁኝ። እኔም የማወራው ስለ ሰው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። በበሽታው ከተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሀብታም ልጁን በመኪና አድርሶ ያስከትባል። ከገጠር የሚመጣ አባት ግን በሬውን ሸጦ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዱም ጸበልና የባህል መድኃኒት ሞክሮ፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ያተረፈው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ነው። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በሰውየው ስም የሚጠራ ሰፈር አለን፣ «ፓስተር ውረድ» እንላለን፤ ልጆቻችን ግን መድኃኒቱ ከ140 ዓመት በፊት በተገኘለት በሽታ ይሞታሉ። ውሻ መከተብ ሰው ማዳን ነው፤ ለውሻ የሚወጣው የአንድ መርፌ ዋጋ ደግሞ ለተነከሰ ሰው ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ለልጆቻችሁም ንገሯቸው። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ። ውሻውን ደግሞ በንዴት ገድላችሁ አትጣሉት። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ውሻ በጥንቃቄ ተይዞ ለ10 ቀን ከታየ ብዙ ነገር ይታወቃል። ገድሎ ገደል የጣለ ሰው ማስረጃውን ነው የጣለው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ቢያመልጥ እንኳ። ስለዚህ የሰፈራችን ስብሰባ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ውሻ እንግደል?» የሚለውን አልነበረም። «ባለቤቱ ማን ነው? ተከትቧል? ለምን በሩ ተከፍቶ ተተወ? ለምን ታሰረ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። እነዚህን ጥያቄዎች ያልጠየቅነው ስለማናውቃቸው አይደለም። ባለቤቱ ጎረቤታችን ስለሆኑ፣ በክፉም በደግም አብረውን ስለሚቆሙ፣ ፊት ስላሳፈረን ነው። የመንገድ ውሻ ግን እድር የለውም። ስለዚህ ቂማችንን እሱ ላይ ተወጣን።

ይህ ልማድ በውሻ ብቻ የሚያበቃ አይመስለኝም። ባለቤት ያለውን ጥፋት ትተን ባለቤት የሌለውን መቅጣት ለብዙ ነገራችን የተጠቀምንበት ዘዴ ነው። እሱን ግን ለሌላ ቀን ላቆየው።

የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውሻ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፣ በየዓመቱም ያስከትብ፤ ክፍለ ከተሞች የመርዝ ዘመቻን ትተው የክትባት ዘመቻ ያድርጉ። ሁለተኛ፣ ስምንት ሳምንት ያልሞላው ቡችላ አይሸጥ። ሦስተኛ፣ ውሻን ሙሉ ቀን በሰንሰለት ማሰር ይከልከል፤ አጥር ያለው ግቢ ካለህ አጥሩ ይበቃል፣ አጥር ከሌለህ ውሻ አያስፈልግህም። አራተኛ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ይማሩ፤ የታሰረ፣ የሚበላ፣ የሚያጠባ ውሻ ጋ እንዳይቀርቡ፣ ድንጋይ እንዳይወረውሩ፣ ሲመጣባቸው እንዳይሮጡ።

ባለፈው ሳምንት ድፍረት አግኝቼ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውሻው ተከትቧል?» አልኳቸው። «ለምን ይከተባል? ከግቢ አይወጣ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ያ ልጅ እኮ የተነከሰው ግቢው ውስጥ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «እሱስ ልክ ነህ» አሉ። ቅዳሜ የእንስሳት ሐኪም ይዤ ሄድኩ፣ ውሻው ተከተበ፣ ክፍያውንም ራሳቸው ከፈሉ። ሐኪሙ ሲመረምረው ግራ ጆሮው ውስጥ የቆየ ቁስል አገኘ። ሰንሰለቱን ግን አልፈቱትም። «እስቲ አስብበታለሁ፣ ቸኩለህ አታስቸኩለኝ» አሉኝ።

እኔ 50 ብር ያዋጣሁት አምስት ያልነከሱ ውሾችን ለማስገደል ነው። የነከሰው ውሻ ግን ከመጀመሪያው የሚፈልገው አንድ መርፌ፣ የጆሮ መድኃኒትና መፈታት ነበር።

እናንተ ሰፈርስ እንዴት ነው? ግቢያችሁ ውስጥ የታሰረ ውሻ አለ? ተከትቧል? ሐሳባችሁን ከስር አስቀምጡ፤ ስድብም ቢሆን አነባለሁ። ከመሳደባችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ወደ ጓሯችሁ ወጥታችሁ መሬቱን እዩት። ሣር የማይበቅልበት ክብ ካለ፣ የዛሬው ጽሑፍ ስለ እናንተ ነው።